ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ኪሎ፦ ስለ ድረ ገጽ ፎርምና ኪቦርድ ጋሼን ያፋጠጥንበት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በስም ሳጥኑ ላይ የፊደል ብዛት በኪይዳውን፣ ማለትም ቁልፍ ሲመታ ብራውዘሩ በሚያስነሳው ኢቨንት (ምልክት)፣ እቆጥራለሁ። ሁልጊዜ አንድ ይጎድለኛል።

መልስ፦ ኪይዳውን የሚነሳው ፊደሉ ሳጥኑ ውስጥ ሳይገባ ነው፤ ያለፈውን ነው የምታነበው። የሳጥኑ ጽሑፍ ሲለወጥ የሚነሳውን ኢንፑት ኢቨንትን ተጠቀም። ኪይዳውን ቁልፍ ነው፣ ጽሑፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኪይፕሬስ የሚባለው የቁልፍ ኢቨንትስ?

መልስ፦ ጊዜው አልፎበታል። ተወው።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ደህና ነው፤ በአማርኛ ሲጽፉ ግን ይዘባረቃል።

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! «ሰ»ን ለመጻፍ የእንግሊዝኛውን ኤስ (s) ስትመቺ መጀመሪያ «ስ» ይወጣል፤ ኢ (e) ስትጨምሪ «ስ» ተነስቶ «ሰ» ይተካል። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ፊደል። ቁልፍ የሚቆጥር ኮድ እዚህ ላይ ጉድ ይሆናል። ስልክ ላይማ ይብሳል፤ አንድሮይድ ላይ ክሮም ብዙ ጊዜ የትኛውንም ብትመቺ ኪይኮዱን (የቁልፉን መለያ ቁጥር) 229 ይልሻል። አንዳንዱ ኪቦርድ ደግሞ ፊደሉን ገና እየሠራ ኮምፖዚሽንስታርት የሚባል ኢቨንት ይልካል፣ ሲጨርስ ኮምፖዚሽንኤንድ። በመሃል ቫልዩውን (ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ) በኮድ ከነካሽው ፊደሉ ይበጣጠሳል። ኢዝኮምፖዚንግ ትሩ ከሆነ፣ ማለትም ፊደሉ ገና እየተሠራ ከሆነ፣ እጅሽን ሰብስቢ። ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚቀበል ሬጌክስም (የጽሑፍ ማጣሪያ ቀመር) አታድርጊ፤ አንድ ፎርም የገዛ ስሜን በገዛ ፊደሌ መጻፍ ከልክሎኝ ያውቃል። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ) ውስጥ ከገባ እኮ ቆየ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ!

አባል፦ «ፀሐይ»ን በ«ጸ» የጻፈውስ? ፍለጋችን አያገኘውም።

ሌላ አባል፦ በትክክል ይጻፋ!

አባል፦ ትክክሉን ማን ይፍረድ? መታወቂያው ላይ የሰፈረው ነው ስሙ።

ሌላ አባል፦ መታወቂያ ላይ የሚጽፈውም ሰው ነው፣ ይሳሳታል።

መልስ፦ እሱን ለቡናው አቆዩት። ለፍለጋ ሞክሼዎቹን አንድ ያደረገ ሌላ ቅጂ አስቀምጡ፤ ሰው የጻፈውን ስም ግን አትንኩ።

ጥያቄ፦ ስልክ ቁጥር ላይ ከቁጥር ሌላ እንዳይገባ ኪይዳውን ላይ ባግድስ?

መልስ፦ ኧረ በፈጣሪ! አሁን ምን አልኩ? በማውስ ቢለጥፈውስ? +251 ብሎ ቢጀምርስ? ባክስፔስና ታብንም አብረህ ትዘጋለህ። የሳጥኑን ታይፕ ቴል (tel፣ የስልክ ቁጥር ዓይነት) አድርግ፤ ክፍተቱን አንተ አጽዳለት፤ በ09ም በ07ም የሚጀምረውን ተቀበል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ድጋሚ አጣራ።

ጥያቄ፦ ኢንተር ሲመታ ፎርሙ ሳልፈልግ ይላካል።

መልስ፦ ቁልፉን ትተህ የፎርሙን ሰብሚት (ሲላክ የሚነሳውን ኢቨንት) ያዝ።

ጥያቄ፦ የእኔ ኪቦርድ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ኪቦርድ? በየትኛው ብራውዘር? ኮድ ሳላይ፣ ጠንቋይ ነኝ እንዴ?

ጥያቄ፦ ቁልፉ ሲለቀቅ የሚነሳውን ኪይአፕ ብጠቀምስ?

መልስ፦ በማውስ ሲለጠፍ የሚነሳ ኪይአፕ የለም። ቁልፍ ነው፣ ጽሑፍ አይደለም ብያለሁ! በሉ ሒሳቡ መጥቷል።