ጀልባህ የቆመው ዳርቻው ላይ አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከፊት የሚከፈት ራምፕ ያለው ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ አላችሁ። ወደብ በሌለበት አሸዋማ ዳርቻ ላይ ፒካፕ ማውረድ ትፈልጋላችሁ። ጀልባው ለየብሱ 40 ሜትር ያህል ሲቀረው መሬት ይነካና ይቆማል። ራምፑ ሲወርድ ውሃው ጉልበት አይደርስም። ፒካፑ ግን ጥቂት ሜትር ሄዶ አፍንጫው ሰመጠ፣ ሞተሩም ውሃ ገባበት። ከዚያ በፊት አንዱ ባለሙያ ራምፑን በላሜራ አስረዝሞላችኋል፣ ሌላው ዳርቻው ላይ ጠጠር ደፍቶላችኋል። አሁን ራምፑን ይበልጥ ላስረዝም ወይስ ወደ አሮጌው የወደብ ግንብ ልሂድ ትለኛለህ።

ራምፑን ተወው። «ጉልበት አይደርስም፣ ከዚያ ግን ሰመጠ» ያልከው ለእኔ በቂ ነው። የቆማችሁት የአሸዋ ጉብታ ላይ ነው። ከጉብታው ጀርባ ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄድ ቦይ አለ። ፒካፑ የገባው እዚያ ነው።

ሌላ ነገር ከማለቴ በፊት ይህን ልበል። የሕይወት ጃኬት ያልለበሰ ሰው ቦዩ ውስጥ አይግባ። ጃኬቱ ላይም በአንድ እጅ የሚፈታ ገመድ ይታሰር፣ ጫፉን ሌላ ሰው ይያዝ። ቦዩ ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ ነው። ነገር ግን ሞገዱ በጉብታው ላይ አሻግሮ ያስገባው ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ጉብታው የተቆረጠበትን ቦታ ሲያገኝ ወደ ጥልቁ ይጎርፋል። ጎበዝ ዋናተኛም ይወስዳል።

እንዲህ ያለው ስህተት ብዙ ሰው ፈጅቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943 በፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካኖች የጣልያን ደሴት ሲሲሊ ላይ ሲወርዱ ጀልባዎቻቸው እንዲህ ያሉ ጉብታዎች ላይ እየቆሙ ተቸግረዋል። በዚያው ዓመት ኅዳር በፓስፊክ ውቅያኖስ ታራዋ ደሴት ላይ ደግሞ አሸዋ ሳይሆን የኮራል ድንጋይ ነበር። ጀልባዎቹ ከአንድ ሜትር በላይ ውሃ ይፈልጉ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ የነበረው ውሃ ግን አልበቃም። በሰንሰለት የሚሄዱት ተሽከርካሪዎች ብቻ ድንጋዩን ተሻገሩ። ሌሎቹ ወታደሮች በተኩስ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር በውሃ እየተራመዱ ሄዱ። በ1944 በፈረንሳይ ኖርማንዲም፣ ኦማሃ በተባለው ዳርቻ ላይ ጉብታውን አልፈው ቦይ ውስጥ የገቡ ወታደሮች ከነሸክማቸው ሰምጠዋል። የጦር መሐንዲሶች ዳርቻን በሴንቲ ሜትር መለካት የተማሩት በዚህ ዋጋ ነው።

የመጀመሪያው ሥራህ ጉብታውን ከየብስ ሆነህ ማግኘት ነው። በጣም የምወደው ዘዴ ይህ ስለሆነ ትንሽ ታገሠኝ። ረጅም ሞገድ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲጓዝ ፍጥነቱን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት ነው። ጥልቀቱ ሲያንስ ሞገዱ ይዘገያል። የኋላው እየደረሰበት ስለሚመጣም በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ይጠባል። በዚያው ጦርነት ጠላት የያዘውን ዳርቻ ጥልቀት ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ ያሰሉት በዚህ ነው። ማንም ውሃው ውስጥ ሳይገባ ማለት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፍጥነቱን በራሱ አባዛውና ለ9.8 አካፍለው፤ ጥልቀቱን በሜትር ታገኛለህ። አንተ አውሮፕላን አያስፈልግህም። ከትንሽ ጀልባ ላይ ሁለት ተንሳፋፊዎችን በ20 ሜትር ርቀት መልሕቅ ጣልላቸው፣ አንዱ ወደ ጥልቁ ሌላው ወደ የብስ። ከዚያ የብስ ላይ ቁመህ በስልክህ ሰዓት ያዝ። የሞገዱ ጫፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ 4.5 ሰከንድ ከወሰደ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ 2 ሜትር ገደማ። 6.4 ሰከንድ ከወሰደ ግን 1 ሜትር ብቻ ነው። ተንሳፋፊዎቹን እያንቀሳቀስህ ደጋግመህ ለካ። ወደ የብስ ስትመጣ መጀመሪያ 2፣ ከዚያ 1፣ ከዚያ እንደገና 2 ካገኘህ ጉብታህም ቦይህም ተገኙ። አንድ ነገር ልብ በል። ይህ የሚሠራው ከሩቅ ለሚመጣ ረጅምና ለስላሳ ሞገድ ነው። ነፋስ የሚያስነሣው አጭር ሞገድ ያሳስትሃል። ሊሰበር የደረሰ ሞገድም ትንሽ ስለሚፈጥን ጥልቀቱን አብዝቶ ያሳይሃል። ስለዚህ ጉብታው ላይ ከምታገኘው ቁጥር ቀንስ።

በዓይንም ይታያል። ሞገዱ አንዴ ይሰበርና ነጭ አረፋ ይሠራል፤ ከዚያ ጥቁር የተረጋጋ ሰንበር ይከተላል፤ ከዚያ ጠርዙ ላይ እንደገና ይሰበራል። ጥቁሩ ሰንበር ቦዩ ነው።

በርካሽ የጥልቀት መለኪያ ሶናር እዚህ እንዳትተማመን። አረፋ ያለበት ውሃ ውስጥ ድምፁ ይበተንና የፈለገውን ቁጥር ይጽፍልሃል። እኔ ራሴ አንዱን አምኜ ጀልባ አጣብቄያለሁ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቀለም የተቀባ ረጅም እንጨት ይበልጣል። ከትንሽ ጀልባ ላይ ሆነህ በየ2 ሜትሩ እየወጋህ ጻፍ፣ ሰዓቱንም አብረህ ጻፍ። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ ሰዓት የሌለው ልኬት አይጠቅምም።

አሁን ወደ ተበላሸው ጥገና። የተጨመረውን ላሜራ ቆርጠህ አውጣው። ክብደቱ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ታች ስለሚጫን ጉብታውን ቀድሞ እንዲነካ አድርጎታል። ማጠፊያውም ለዚያ ርዝመት አልተሠራም። የተደፋው ጠጠርም መሬቱን ሳያዩ የተደረገ ነው። ክብ ድንጋይ ከጎማ ሥር ይንሸራተታል። ነሐሴ 1942 የፈረንሳይ ከተማ ዲየፕ ላይ የወረዱ ታንኮች አንዳንዶቹ እንዲህ ባለ ድንጋይ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቀርተዋል።

ስለዚህ አሸዋውን ቆፍር። የ1943 የመጨረሻ ሌሊት ሁለት እንግሊዞች፣ ሎጋን ስኮት ባውደንና ብሩስ ኦግደን ስሚዝ፣ ጀርመኖች የሚጠብቁት የኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ዋኝተው ወጥተው አሸዋውን በመሰርሰሪያ ናሙና ወስደዋል። የተፈራው ከአሸዋው ሥር ታንክ የማይችል ለስላሳ አፈር እንዳይኖር ነበር። በኋላ ለእንዲህ ያለው ቦታ ፊት ለፊቱ የሸራ ምንጣፍ የሚዘረጋ ታንክ ሠሩ። አንተ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍር። ግራጫ የሚያጣብቅ ጭቃ ካገኘህ ጠጠሩ ይሰምጣል፤ ጣውላ ወይም የብረት ምንጣፍ አንጥፍ። እስከ ታች አሸዋ ከሆነ የጎማውን አየር መቀነስ ብቻ ይበቃህ ይሆናል። አሜሪካኖች ዳካቸውን፣ ያንን በውሃም በየብስም የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ የጎማውን አየር እንዲቀይር አድርገው የሠሩት ለዚህ ነው።

ማረፊያውን እንዲህ አድርግ። ጉብታው ላይ ባሕሩ ሲሞላ ያለውን ጥልቀት ያዝ። የተጫነው ጀልባ ከሚፈልገው ውሃ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ አትሞክር። ከበለጠ፣ ሙላቱ ጫፍ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ግባ። የኋላ መልሕቅህን ከጉብታው ውጭ ጣልና ገመዱን እየለቀቅህ ቅረብ፤ የሚያወጣህ እሱ ነው። የገመዱን ማያያዣ ብረት ደኅና ግዛ። ርካሹ ተበጥሶ ሲወረወር አይቻለሁ። ፒካፑ እንደወረደ ሳትዘገይ ውጣ፤ ውሃው ከጎደለ ቦዩ ውስጥ ተዘግተህ ትቀራለህ። መኪና ከራምፑ ከመውረዱ በፊት ሰው በእንጨት እየወጋ መንገዱን ይሞክር። ያ ሰው ጃኬትና ገመድ ይኑረው። ደግሜ የምለው እንዳይረሳ ነው።

ጉብታው የተቆረጠበት ቦታ ጥልቅ ስለሆነ እዚያ ልግባ ልትል ትችላለህ። አትግባ። ያ ውሃ የሚወጣበት በር ነው፣ ጀልባውን ወደ ጎን ያዞርብሃል።

የወደቡን ግንብ በተመለከተ፣ ግንብ ስላለ ወደብ አለ ማለት አይደለም። ሰኔ 1944 የፈረንሳይ የወደብ ከተማ ሼርቡር በአሜሪካኖች ሲያዝ ጀርመኖች ወደቡን አፍርሰው ፈንጂ ሞልተውት ስለነበር ዕቃ ማውረድ የተቻለው ከሳምንታት በኋላ ነው። አንተ ፈንጂ አይገጥምህም። ሆኖም ግንቡ ሥር የወደቀ ድንጋይና ብረት ይኖራል፤ ባሕሩ ሲጎድል ሂድና በእንጨትህ ፈትሸው። መኪና ወደ መንገድ የሚወጣበት መውጫም ይኑረው። ሁለቱ ከተሟሉ ግንቡን ምረጥ።

ዳርቻውን ከመረጥክ ግን ከእያንዳንዱ ማዕበል በኋላ እንደገና ለካ። ጉብታው ይንቀሳቀሳል፣ ያለፈው ወር ልኬት አይሠራም። ስትለኩ ገመዱን ለሚይዘው ሰው ሌላ ሥራ አትስጠው፤ ስልክም አይያዝ።