ወደ ውጭ ለምትላኩ ልጆቻችን

እስራኤል ያላችሁ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ በቅርቡ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ እንግሊዝ ልትሄዱ ነው። ሶኽኑት፣ ማለት የአይሁድ ኤጀንሲ፣ መርጧችኋል። ግማሻችሁ በአይሁድ ልጆች ሰመር ካምፕ፣ ግማሻችሁ በዩኒቨርሲቲ ከተሞች ትሠራላችሁ። ስለ እስራኤል ምን እንደምትናገሩ በሥልጠናው ይነግሯችኋል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለሚሰሟችሁ ሰዎች ነው። ዕድሜዬን በሶሻል ወርከርነት ስሠራ፣ ከውጭ የሚመጡትን አይሁዶች ብዙ አስተናግጃለሁ። እነሱም ዘንድ ሄጄ ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ። ሰዎቹ ሻንጣ ቋጥረው የመነሻ ቀን የሚጠብቁ አይደሉም። እኛ ጎንደር ሆነን ኢየሩሳሌምን እንደጠበቅናት አድርጋችሁ አታስቧቸው። አንድ ጊዜ የአዲስ መጤዎች መቀበያ ማዕከል ውስጥ፣ አንዲት የኛ እናት ለጉብኝት የመጣችውን አሜሪካዊት ቡና ጋብዘው፣ «ልጄ፣ አውሮፕላኑ በደጅሽ፣ ገንዘቡ በኪስሽ፣ ምነው ሳትመጪ ቀረሽ?» አሏት። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። «ቤቴ እዚያ ነው። እስራኤል አንድ ነገር ሆነች ሲባል ግን እህል አይወርድልኝም» አለች። እናታችን አልተዋጠላቸውም። «ታዲያ ማን ከለከለሽ?» ብለው ስኒዋን ደገሙላት።

ይህ ግራ መጋባት የቆየ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በ1885 የአሜሪካ ሪፎርም ረቢዎች፣ ማለት ለዘብተኛው የአይሁድ ሃይማኖት ክፍል መሪዎች፣ ፒትስበርግ ላይ ተሰብስበው፣ «እኛ የሃይማኖት ማኅበረሰብ እንጂ ሕዝብ አይደለንም፤ ወደ ፍልስጥኤም መመለስንም አንጠብቅም» ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ሆሎኮስት መጣ፣ አገሪቱ ተመሠረተች፣ የ1967ቱ ጦርነት መጣ። ብዙው ሰው ልቡ ተለወጠ። አድራሻው ግን አልተለወጠም። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትራችን ቤን ጉሪዮንም ገብቷቸው ነበር። በ1950 የአሜሪካ አይሁድ ኮሚቴ መሪ ለነበሩት ለጄኮብ ብላውስታይን፣ የአሜሪካ አይሁዶች የፖለቲካ ታማኝነታቸው ለአሜሪካ ብቻ እንደሆነ፣ እስራኤልም የምትናገረው በራሷ ዜጎች ስም ብቻ እንደሆነ በይፋ አረጋግጠውላቸዋል። አይሁድ ሁሉ ወደ እስራኤል መጥቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። በሩን ወለል አድርገህ ከፍተህ «ካልገባችሁ» ብለህ አለመጎተት እንግዲህ ይህ ነው። የኋላዎቹ መሪዎቻችን ይህን የረሱት ይመስለኛል።

ፓሪስን አስታውሱ። ጥር 2015 አንድ የኮሸር ሱፐርማርኬት ውስጥ 4 አይሁዶች ተገደሉ። ኔታንያሁ ሄደው በከተማዋ ትልቁ ምኩራብ ንግግር አደረጉ፤ እስራኤል ቤታችሁ ናት አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ንግግሩ ሲያልቅ ደግሞ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር ዘመረ! አራቱ ሟቾች ግን የተቀበሩት ኢየሩሳሌም ነው። ይህን ስትሰሙ «ይወስኑ እንጂ!» የምትሉ ከሆነ፣ ለዚህ ሥራ ገና ናችሁ።

የኛን የራሳችንን ታሪክ እንኳ ሙሉውን የምታውቁት አይመስለኝም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ያመጣን ዘመቻ ሰሎሞን ሲነሳ የሚነገራችሁ ስለ አውሮፕላኑና ስለ ወታደሩ ነው። የቀደመው ይዘለላል። የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድነታችንን ያጸኑት በ1973 ነው። መንግሥት የመመለስ ሕጉ እኛንም እንደሚመለከት የተቀበለው በ1975። ከዚያም በኋላ ነገሩ ሲንፏቀቅ፣ የእስራኤልን ባለሥልጣናት እንቅልፍ የነሱት የአሜሪካና የካናዳ አይሁዶች ናቸው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ለኢትዮጵያ አይሁዶች የተቋቋመው ማኅበር ስንቱን ወተወተ፣ ከስንቱ ጋር ተጣላ! በ1990 ብዙ ሺህ ሰው ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ እንዲወርድ ያደረገውም እሱ ነው። ሕዝቡ አዲስ አበባ ባይሰበሰብ ኖሮ፣ በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ማንሳት አይታሰብም ነበር። ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለውን 35 ሚሊዮን ዶላርም በጥቂት ቀናት ያሰባሰቡት የአሜሪካ አይሁዶች ናቸው።

እና አንዱ የውጭ ሰው እስራኤልን ሲተች፣ «እዚህ አትኖር፣ ግብር አትከፍል፣ ልጅህ አይዘምት፣ ምን አገባህ?» ለማለት አትቸኩሉ። «ምን አገባን» ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ የናንተ ወላጆች የት ይቀሩ እንደነበር እንጃ። ነገሩ እውነት የለውም አልልም። ለውሳኔው ዋጋ የሚከፍለው እዚህ ያለው ሰው ነው። ይህንንም ንገሯቸው፤ ግን ካዳመጣችሁ በኋላ።

አንድ ቁስላቸውን ከማንም በላይ የምትረዱት እናንተ ናችሁ። አብዛኛው የአሜሪካ አይሁድ ኦርቶዶክስ፣ ማለት የጥንቱን የአይሁድ ሕግ አጥባቂ፣ አይደለም። የሪፎርም ረቢ እስራኤል ውስጥ ቢያጋባ ጋብቻው አይመዘገብም። በ2016 ወንድና ሴት በምዕራቡ ግንብ አብረው የሚጸልዩበት ቦታ በወጉ እንዲደራጅ መንግሥት ወሰነ። በ2017 ውሳኔውን አገደው። «ስንሰጥ ወንድም፣ ስንጸልይ ባዕድ» የሚል ስሜት አላቸው። የኛ ቄሶችስ? እዚህ ሲመጡ የማጋባት ሥልጣናቸውን ማን ተቀበለው? በ1985 «አይሁድነታችሁ እንዲረጋገጥ እንደገና ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ንጹ» ስንባል ኢየሩሳሌም በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀምጠናል። ይህን ለአንድ የሪፎርም ቤተሰብ ብታወሩ፣ ሌላ ንግግር አያስፈልጋችሁም።

ሐማስ እስራኤልን ካጠቃበት ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ ሥራው ከብዷል። አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ኪፓውን፣ የአይሁድ ቆቡን፣ በኮፍያ የሚሸፍን ልጅ አለ። እዚያው ግቢ ውስጥ ለጋዛ የተቃውሞ ድንኳን ተክሎ የሚያድር አይሁድ ልጅም አለ። ወንድማማች ሊሆኑ ይችላሉ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት በ2020 ባደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆነ የአሜሪካ አይሁዶች ሁለት ሦስተኛው ልባችን ከእስራኤል ጋር ነው ብለዋል። ከ30 ዓመት በታች ካሉት ግን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ከጦርነቱ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ሁለተኛውን ልጅ ከሃዲ አትበሉት። ስለ ጋዛ ሕፃናት ሲጠይቃችሁም የተሸመደደ መልስ አትስጡት፤ ወዲያው ይነቃባችኋል። የምታዝኑ ከሆነ አዝናለሁ በሉ። የሞተባችሁ ጓደኛ ካለም ስለ እሱ ንገሩት።

ስለ ቆዳችሁ ቀለም መጠየቃችሁ አይቀርም። «እስራኤል ዘረኛ አይደለችም፣ እኔን እዩኝ» እንድትሉ የሚፈልግ አዘጋጅ ይኖራል። ፎቶ መነሳትም ይወዳሉ። እናቶቻችንን በነጠላ አስቁመው ያነሱት ፎቶ ስንት የመዋጮ ወረቀት ላይ እንዳየሁት! እሺ ብላችሁ ተነሱ፣ ግን የፖስተር ልጅ አትሁኑ። በ2015 ፖሊስ አንድ ወታደራችንን ደብድቦ ቴል አቪቭ ላይ ለምን ሰልፍ እንደወጣን ከጠየቋችሁ፣ እንደሆነው ተናገሩ። አገሪቱን የሚወድ ሰው ይህን ሰምቶ አይሸሽም። የሚሸሽም ካለ ፍቅሩ ከፖስተሩ ጋር ነበር።

ሲግድን፣ ኢየሩሳሌምን የምንናፍቅበትን የጾምና የጸሎት በዓላችንን፣ ይዛችሁላቸው ሂዱ። ካሌንደሩ ከፈቀደ እዚያው አክብሩት፤ ስለ ተራራው፣ ስለ ጾሙ፣ ከነህምያ ስለሚነበበው አስረዷቸው። «ኢየሩሳሌም ገብታችሁ የለ እንዴ፣ አሁንም ለምን ትጾማላችሁ?» የሚል አይጠፋም። ከመሄዳችሁ በፊት አያቶቻችሁን ጠይቁ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አይሰጧችሁም፤ የሰማችሁትን ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ።