ኳስ ቀላቢው ሰው ቀላቢ ሲሆን፦ ስለ ጄሪ ሪቻርድሰን ጥያቄና መልስ

ጄሪ ሪቻርድሰን በአሜሪካ ፉትቦል «ተቀባይ» የነበረ፣ ኋላ ምግብ ቤት ነጋዴ የሆነና ካሮላይና ፓንተርስ የተባለውን ቡድን የመሠረተ ሰው ነው። ስለ እሱ የከነከናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የቻልኩትን መልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው የእግሩን ኳስ ነው። «ተቀባይ» ማለት በረኛ ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አይደለም! በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚሉት ኳሱን በእጁ ይወረውራል፤ ሪሲቨሩ (ተቀባዩ) ደግሞ ከተከላካይ አምልጦ እየሮጠ ይቀልባል። ሪቻርድሰን ባልቲሞር ኮልትስ ለሚባለው ቡድን ሪሲቨር ነበር።

ጥያቄ፦ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ጎበዝ ነበር?

መልስ፦ እውነቱን ልንገርህ፣ ከታላላቆቹ አይቆጠርም። ዎፎርድ ከምትባል ትንሽ የደቡብ ካሮላይና ኮሌጅ ነው የመጣው፤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት የ1958ቱ ምልመላ የተመረጠው በ13ኛው ዙር ነው። የተጫወተውም ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ። ነገር ግን ኮልትስ በ1959 የሻምፒዮናው ጨዋታ ኒውዮርክ ጃይንትስን 31 ለ16 ሲረታ፣ የኮልትሱ ኳርተርባክ ጆኒ ዩናይተስ የወረወረለትን ቀልቦ ታችዳውን (ኳሱን ተጋጣሚው ጫፍ ማድረስ፣ እንደ ጎል ነው) አስቆጥሯል። ይህችን ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ በ250 ዶላር ተጣልቶ ኳስ ተወ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ተረት?

መልስ፦ ራሱም ሲያወራው የኖረ ነገር ነው። 10,000 ዶላር ክፈሉኝ አለ፣ 9,750 አሉት፣ ጥሎ ሄደ። በዛሬ ዓይን ያስቃል። በዚያን ጊዜ ግን የኳስ ደመወዝ ሀብታም አያደርግም ነበር፤ ብዙ ተጫዋች ውድድር ሲያልቅ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። እልህ ብቻ ሳይሆን ስሌትም ያለበት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ መነሻ ካፒታሉን ከየት አመጣው?

መልስ፦ ከዚያችው ጨዋታ! ለሻምፒዮናው የደረሰው ድርሻ ከ5,000 ዶላር ትንሽ ያንሳል። እሷን ይዞ፣ ኮሌጅ እያሉ ኳስ ይወረውርለት ከነበረው ከቻርልስ ብራድሾ ጋር በ1961 ስፓርታንበርግ ከተማ የሃርዲስ በርገር ቤት ከፈቱ። ሃርዲስ ያኔ ገና ጀማሪ ነው፤ አንዱ በርገር 15 ሳንቲም። (ኩዌት ወይም ሳዑዲ የኖራችሁ ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ የዚያ አገር ቅርንጫፎች ግን የእሱ አይደሉም።) ስሙና አሠራሩ የባለቤቱ ነው፤ ቤቱ፣ ሠራተኛውና ኪሳራው ግን የአንተ። ፍራንቻይዝ የሚሉት ይህንን ነው። አንዱ ሲያዋጣ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን እያሉ ስፓርታን ፉድ ሲስተምስ የሚባል ኩባንያ አቆሙና በመቶ የሚቆጠሩ ምግብ ቤቶች ደረሱ። በ1979 ኩባንያው ለትልቅ ድርጅት ተሸጠ፤ እሱ ግን በአመራር ቀጥሎ በኋላ ዴኒስ የተባሉትን ምግብ ቤቶች የሚያስተዳድረው የፍላግስታር ኩባንያ አለቃ ሆነ።

ጥያቄ፦ ዴኒስ? በጥቁሮች አድልዎ የተከሰሰው?

መልስ፦ አዎ፣ ያው ነው። ጥቁር ደንበኞችን አያስተናግድም ተብሎ ተከሶ በ1994 ከ54 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። አለቃው ሪቻርድሰን ነበር። የስኬት ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ይህንን ይዘሉታል፤ እኔ አልዘልም።

ጥያቄ፦ ካሮላይና ፓንተርስን በስንት ገዛው?

መልስ፦ አልገዛውም፣ መሠረተው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) በ1993 ሲፈቅድለት የመግቢያው ዋጋ 140 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከቺካጎ ቤርሱ መሥራች ከጆርጅ ሃላስ ወዲህ የቡድን ባለቤት የሆነ የመጀመሪያው የቀድሞ ተጫዋች እሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ የስታዲየሙ ነገር ነው፤ ቡድኑ ገና ሳይኖር ደጋፊው የዓመት ቲኬት የመግዛት መብት ብቻ በገንዘብ ገዛ፤ ቻርለት ላይ በ1996 የተከፈተው ስታዲየም በአብዛኛው በዚያ ብር ነው የተሠራው። ልብ በሉ፣ ቲኬቱ ራሱ ሌላ ሂሳብ ነው!

ጥያቄ፦ ከዚያ ለምን ሸጠው?

መልስ፦ በ2017 መጨረሻ ሴት ሠራተኞችን ያስቸግር እንደነበረ፣ አንድ ጥቁር ሠራተኛንም በዘር እንደሰደበና ቅሬታዎቹ በገንዘብ እንደተዘጉ ተዘገበ። በዚያው ዕለት እሸጣለሁ አለ። በ2018 ዴቪድ ቴፐር የተባለ ባለሀብት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰደው፤ ሊጉም ሪቻርድሰንን 2.75 ሚሊዮን ቀጣው። ስታዲየሙ ደጅ የነበረው ሐውልቱ በ2020 ተነሣ። እሱ በ2023፣ በ86 ዓመቱ አረፈ።

ጥያቄ፦ ፓንተርስ ዋንጫ በልቶ ያውቃል?

መልስ፦ በእሱ ዘመን ሁለቴ ሱፐር ቦውል (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ደርሶ ሁለቱንም ተሸንፏል፤ በ2004 በኒው ኢንግላንድ 32 ለ29፣ በ2016 በዴንቨር 24 ለ10። ሰውየው ያለችው ሻምፒዮና ያቺው በራሱ እጅ የቀለባት የ1959ኟ ናት።