ለአዲሱ መኪናዎ ቀለም፦ ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት

ጥያቄው የመጣው እዚሁ ጅማ ከሚኖሩ አንባቢ ነው። ጥቁር ሰማያዊ አዲስ መኪና ከአዲስ አበባ ገዝተው፣ ራሳቸው ነድተው ካመጡት ገና አራተኛ ወሩ ነው። ጠዋት ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ይታያቸዋል። ግቢያቸው ውስጥ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ስለሚያቆሙት የወፍ ኩስ ያረፈባቸው ሁለት ቦታዎች ደብዝዘው ቀርተዋል፤ የኮፈኑ ፊትም በመንገድ ጠጠር ነጠብጣብ አውጥቷል። አንድ ባለሙያ «በማሽን ፖሊሽ ተደርጎ ሴራሚክ (ቀለሙ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር ፈሳሽ መሸፈኛ) ይቀባ» ሲላቸው፣ ሌላው ደግሞ «አዲስ ቀለም ማሽን አይነካውም፣ ሰም ይበቃዋል» ብሏቸዋል። ማንን ልስማ ይላሉ።

ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ሰዎች ከነገሩዎት ውስጥ እውነት አለበት፤ መነሻውን ግን ሁለቱም ዘለውታል። ጭረቱን ያመጣው የአስተጣጠብ ልማድ ሳይቀየር መኪናዎን ዛሬ በማሽን ብናጠራልዎት፣ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜም ሌላ ዙር ማሽን ይፈልጋል፤ በየዙሩ ደግሞ መልሶ የማይተካ ነገር ከመኪናው ላይ ይነሣል። የሚነሣው ነገር ምን እንደሆነ ሳላስረዳ ወደ ምክሩ ብገባ ትእዛዝ ብቻ ይሆንብዎታልና ጥቂት ይታገሡኝ።

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም አንድ ሽፋን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው። ከላሜራው ቀጥሎ የመኪናው አካል በሙሉ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለጠፍበት የዝገት መከላከያ አለ፤ በእሱ ላይ ቀለሙ በደንብ እንዲይዝ የሚያደርገው ፕራይመር፣ ከፕራይመሩ በላይ ዓይን የሚያየው ቀለም፣ በመጨረሻም ቀለም የሌለው፣ መስታወት የመሰለው ክሊር ይመጣል። አራቱ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆኑ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነውና ጠቅላላው ውፍረት ከሁለት የደብተር ወረቀት አይበልጥም። ክሊሩ ብቻውን ደግሞ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ግድም ነው። ለመኪናው ብሩህነት የሚሰጠውም፣ የፀሐይን ጎጂ ጨረር ከቀለሙ የሚከላከለውም ይኸው ስስ ሽፋን ነው። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይም ወደ 1,750 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ደመናዋና ዝናቧ ቢያዘናጉንም ሰማዩ በጠራ ቀን የሚወርደው ጨረር ብርቱ ነው። ክሊሩ አለቅጥ የሳሳ መኪና ከዓመታት በኋላ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ ነጭ ቅርፊት እያወጣ ይላጣል፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ ፖሊሽ አይመልሰውም፣ ፍቆ እንደገና ከመቀባት በቀር መፍትሔ የለውም።

ፖሊሽ ጭረትን የሚሞላ የሚመስላቸው ደንበኞች ብዙ ናቸው። እውነቱ ግን በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር ጭረቱ እስከደረሰበት ጥልቀት ድረስ ፍቆ ማውረድ ነው። ቀላል ማጥሪያ ከአንድ ማይክሮን ያልበለጠ ያነሣል፤ ሻካራ ኮምፓውንድ (ደቃቅ ፈጪ ቅንጣት ያለበት የፖሊሽ ቅባት) ግን በአንድ ዙር ብዙ ማይክሮን ሊወስድ ይችላል፤ ባለ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የሚወስደውማ ከዚህም ይበልጣል። እንግዲህ በእጅዎ ያለው ሀብት ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ብቻ ነው። መኪናው ገና አራት ወሩ ነው፤ ወደፊት አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሚነዱት ንብረት ስለሆነ፣ ዛሬ በጣም ጥቂቱን ብቻ አውጡ እላለሁ።

ስለዚህ ማሽን ከመነሣቱ በፊት ጉዳቱን ለዩ። ኮፈኑን አጥበው፣ አድርቀው፣ ጥላ ውስጥ የስልክዎን መብራት አስጠግተው ይመልከቱ። ከዚያም ጭረቱን በእርጥብ ጣት ያብሱት፤ ውኃው ሲነካው ጠፍቶ፣ ሲደርቅ የሚመለስ ከሆነ ጭረቱ ክሊሩ ውስጥ ነው ማለት ነውና ብዙውን ጊዜ ይወጣል። ጥፍርዎን ቀስ አድርገው በአግድም ሲያሳልፉት ጥፍሩ ከያዘ ግን ጥልቅ ነው፤ እሱን በፖሊሽ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት መሞከር ክሊሩን መጨረስ ነው። እንዲህ ያለውን ጠርዙን አለስልሶ ማደብዘዝ ይበቃል።

ከጠየቁኝ ሦስት ነገሮች ውስጥ ቢዘገይ የሚያስከፍለው የመጨረሻው፣ የጠጠሩ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ ተጠግተው ከመጡ፣ በተለይ የጊቤን ቁልቁለት ወርደው ወደ ሰኮሩ ሲወጡ፣ ኮፈንና ፓራውልት ጠጠር መጠጣቱ አይቀርም። ፓራውልቱ ፕላስቲክ ስለሆነ አይዝግም፤ ጉዳዩ የመልክ ብቻ ነው። ኮፈኑን ግን በጨርቅ በተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ይሞክሩት፤ ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው፤ ጠጠሩ እስከ ላሜራው የዘለቀበት ቦታ ሁሉ በዝናባችን ይዝጋል። እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየበረታ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ዝገት ደግሞ ከታች ሆኖ ቀለሙን ወደ ጎን እየፈነቀለ ስለሚሄድ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ በአንድ ክረምት የሽምብራ ፍሬ ታክላለች።

ይህን ራስዎም ሊሠሩት ይችላሉ። የቀለሙ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በር መቃን ወይም ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል፤ በዚያ ቁጥር ጥቂት ቀለም ያስቀምሙ። ነጥቡን አጥበው በአልኮል ይጥረጉ፤ ዝገት ከታየ ሹል ሆኖ በተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ነጥቡን ብቻ ያጽዱ። ከዚያ በጥርስ እንጨት ጫፍ በመጀመሪያ ፕራይመር፣ ሲደርቅ ቀለም፣ ሲደርቅ ክሊር፣ እያንዳንዱን በስሱ ያንጠባጥቡ። ጉድጓዱን በአንድ ጠብታ ለመሙላት አይቸኩሉ፤ ወፍራም ጠብታ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ይቀርና ይላጣል። የጥፍር ቀለም የሚጠቀሙ አሉ፤ ፀሐይ ስለማይችል ቀለሙ ቶሎ ይለወጣል፣ አልመክረውም። አዲስ የተነካ ቀለም ላይ ቢያንስ አንድ ወር ሰምም ሆነ ሴራሚክ አይቀቡበት፤ የፋብሪካው ቀለም በ140 ዲግሪ ግድም ስለተጋገረ ወዲያውኑ ሊቀባበት ይችላል፣ በእጅ የተነካው ግን ውስጡ ያለው ቀጭን መሟሟያ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ክብ ክቡ ጭረት ልመለስ። በበጋ መኪናዎ ላይ የሚያርፈው ቀይ አቧራ፣ ቅላቱን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ውስጡም ከክሊር የሚጠነክሩ ደቃቅ የድንጋይ ቅንጣቶች አሉ። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው ወይም ልጅ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን «ሲያራግፍልዎት» የሚሆነው፣ ያንን ቅንጣት በጨርቅ ተጭኖ ኮፈኑን ማሸት ነው። የክብ ክቡ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው፤ ልጁን አመስግነው ከዛሬ ጀምሮ ያስቁሙት። አቧራማ መኪና ይታጠባል እንጂ በደረቁ አይጠረግም። ሁለተኛው ምንጭ ላቫጆ ነው፤ ጎማውን ያጠበው ስፖንጅ ኮፈኑ ላይ ሲወጣ፣ የወደቀው ጨርቅ ተራግፎ ብቻ ሲመለስ ቆሜ አይቻለሁ። ላቫጆ ማሳጠብ ግድ ከሆነብዎት፣ የራስዎን ጨርቅ ይዘው ይሂዱ፤ መጨረሻ ላይ ናፍጣ እንዳይረጩበትም አስቀድመው ይንገሯቸው። ናፍጣ ለአንድ ቀን ያብለጨልጫል፣ በማግስቱ አቧራ ይሰበስባል፣ የበሩንና የመስኮቱን ጎማም ይጎዳል።

መኪናውን እቤትዎ ሲያጥቡ አስተጣጠቡ ይህ ነው፤ መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁም፣ ኮፈኑም በእጅ ሲነኩት የቀዘቀዘ ይሁን። በመጀመሪያ ምንም ሳይነኩት ጭቃውንና አቧራውን ከላይ ወደ ታች በብዙ ውኃ ያውርዱ፤ በክረምት የደረቀ ጭቃ ካለ አርጥበው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁት። ሁለት ባልዲ ያዘጋጁ፤ በአንዱ የመኪና ሻምፖ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ። ለስላሳውን የማይክሮፋይበር ጨርቅ ከሻምፖው ነክረው ከጣሪያው ይጀምሩ፤ አንድ ክፍል በጨረሱ ቁጥር ጨርቁን በንጹሑ ውኃ አለቅልቀው ብቻ ወደ ሻምፖው ይመልሱት። እጅዎን በክብ ሳይሆን በቀጥታ መስመር ያሂዱ፤ ጎማና የታችኛው ክፍል በሌላ ጨርቅ፣ በመጨረሻ ይታጠቡ። የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ያለዎትን ሰም ጠርገው ስለሚያወጡት ለዘወትር አይሆኑም። አጥባችሁ ስትጨርሱ የማለቅለቂያውን ባልዲ ወለል በእጃችሁ ዳስሱት፤ እጃችሁ ላይ የሚንኳኳው ቀይ አሸዋ ሁሉ ኮፈናችሁ ላይ ሊፈጭ የነበረ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር ያመንኩት ይህን አሸዋ በጣቴ ከነካሁ በኋላ ነው።

የወፍ ኩስ ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ ነው። አሲድነት ስላለው ክሊሩን ይበላል፤ ፀሐይ ሲያሞቀው ደግሞ ክሊሩ ለስልሶ ተለጥጦ ይቆይና ማታ ሲቀዘቅዝ በደረቀው ኩስ ቅርጽ ይኮማተራል። ስለዚህ ባዩት ጊዜ ያንሡት፣ ግን አይፋቁት፤ ውኃ የጠገበ ጨርቅ ለአምስት ደቂቃ ያስተኙበትና ሲለሰልስ ወደ ላይ ያንሡት። ከተቻለ መኪናውን ከአቮካዶው ሥር ያውጡ። ናይለን ሸራ ማልበስን ግን መፍትሔ አያድርጉት፤ አቧራ ባለበት መኪና ላይ ሸራ በነፋስ ሲንቀሳቀስ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ እርጥበትም ይይዛል።

ማሽኑ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ለመኪናዎም አንድ ቀላል ዙር የሚበቃ ይመስለኛል። ሠሪውን ሲያነጋግሩ እነዚህን ይጠይቁ። የቀለም ውፍረት መለኪያ አለው ወይ? መለኪያው በብረት ክፍሎች ላይ ከ100 እስከ 150 ካነበበ የፋብሪካ ቀለም ነው፤ አንዱ በር 250 እና ከዚያ በላይ ካለ ያ በር ዳግም የተቀባ ሳይሆን አይቀርም፤ አዲስ መኪናም በማጓጓዝ ተጭሮ ተቀብቶ ሊሸጥ ይችላል። ማሽኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከር ነው ወይስ እየተሽከረከረ የሚወዛወዝ? ሁለተኛው ሙቀቱ ያነሰ ነው፣ ለጥቁር ሰማያዊ ቀለም እሱን እመርጣለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የሁለት መዳፍ ስፋት ቦታ ላይ ብቻ፣ በለስላሳው ስፖንጅና በደቃቁ ኮምፓውንድ ጀምሮ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። ያ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ይሂድ። የተሞከረውን ቦታ በውኃ በተቀጠነ አልኮል እንዲጠርግ ይጠይቁት፤ አንዳንድ ፖሊሽ ጭረቱን በዘይት ይሸፍነዋልና፣ ከአልኮሉ በኋላ ጭረቱ ከተመለሰ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ገና ስድስት ወሩ የሆነ መኪና መጥቶልኝ ነበር። ኮፈኑ መሃል በሚያልፈው እጥፋት ላይ የጣት ስፋት ያህል መስመር ደብዝዟል፤ ባለቤቱ «የማሽኑ ስፖንጅ ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ ቆሻሻ መስሎኝ ደስ አለኝ» አለኝ። ክሊር ያለው መኪና ስፖንጅ ላይ የራሱን ቀለም ካስያዘ ክሊሩ አልቆ ማሽኑ ቀለሙ ላይ ደርሷል። እጥፋትና ጠርዝ ላይ ክሊሩ የሳሳ ስለሆነ እነዚህን ቦታዎች በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ የማይጀምር ሠሪ ካዩ ሥራውን ያስቁሙ። ያን ኮፈን ሙሉውን ቀባሁት፤ የፋብሪካውን ቀለም ግን ልመልስለት አልቻልኩም።

የኩሱ ሁለት ቦታዎች በዚያው ቀላል ዙር ከጠፉ መልካም ነው፤ ሁለቴ ተሞክሮ ጥላቸው ከቀረ ይተውዋቸው።

ስለ መሸፈኛው፣ ሰም ጥሩ ነው፣ ርካሽም ነው፤ በእኛ ዝናብ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ወር በላይ አይቆይምና መድገም ግድ ነው። ሴራሚክ በትክክል ከተቀባ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል፣ ጭቃና ኩስ ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል፤ ነገር ግን ውፍረቱ ከጥቂት ማይክሮን ስለማያልፍ ጠጠርን አያቆምም፣ በደረቅ ጨርቅ ከመጫርም አያድንም። ከሥሩ ያለውን ጭረትም አብሮ ያሽገዋልና ሳይጠራ መቀባት የለበትም። ጠጠርን በእውነት የሚችለው ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ውፍረት ያለው ግልጽ ፊልም ነው፤ ውድ ስለሆነ ሙሉ መኪናውን ማልበስ አያስፈልግም፣ ወደ አዲስ አበባ አዘውትረው የሚመላለሱ ከሆነ ግን የኮፈኑን ፊትና ፓራውልቱን ቢያለብሱ ገንዘቡ አይባክንም። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በዚህ ሳምንት የጠጠሩን ነጥቦች ዘግቼ፣ ለሁለት ወር በአዲሱ አጠባ ቆይቼ፣ አዲስ ጭረት አለመጨመሩን በስልኩ መብራት ካረጋገጥኩ በኋላ አንድ ቀላል ዙር አስደርጌ ሴራሚኩን እቀባ ነበር፤ ጭረት ከጨመረ ግን ማሽኑን ትቼ መጀመሪያ የሚያጥበው ማን እንደሆነ አጣራለሁ።