ፍራሽ ሥር የቀረችው ገጽ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ በአጥር በኩል ብቅ ብላ «ጋሼ፣ ነገ የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያይልኝ መምህር ዘንድ ልሄድ ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ?» አለችኝ። «ጽሑፍሽን ነዋ!» ብዬ ሳቅኩባት። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እኔም በ1970ዎቹ መጨረሻ እንደሷ ሄጄ ነበር። ለጋ የእርሻ ባለሙያ ነኝ፤ ጅማ ዙሪያ ከማሳ ማሳ እዞራለሁ። የቡናውን ፍሬ ገና በእንጭጩ እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ፣ ሲቢዲ የምንለው፣ አገራችን ውስጥ ከታየ ከ1963 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬውን አስለቅሷል። ስለሱ ሪፖርት ጻፍ ተባልኩ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር «ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ አንድ ሰዓት አለኝ» አሉኝ።

ዓርብ ሌሊቱን በፋኖስ አሥራ አንድ ገጽ ገለበጥኩ። ስርዝ ድልዝ የሚባል የለበትም። አንዲት ገጽ ግን አስቀረሁ። ጅማ አጠገብ ማና ወረዳ ውስጥ አንድ አዛውንት ባለቀ ማሳቸው መሃል ፍሬዋን ያልጣለች ዛፍ አሳይተውኝ «እኛን ከምትጠይቁ ይቺን አትጠይቁም?» ብለውኝ ነበር። በኦሮምኛ የነገሩኝን በአማርኛ ስመልሰው ወይ ተረት ይሆናል፣ ወይ የኔ ግኝት ይመስላል። ሦስቴ ሞከርኩ፤ አልሆነም። መምህሩ ፊት እንዳላፍር አጣጥፌ ፍራሽ ሥር ከተትኳት።

ቅዳሜ እንደ ጅማ ልማድ ዘነበ። ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረስኩ፤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ቡና መጣ። (በጨው ነበር። እስከ ዛሬ በስኳር አልጠጣም።) አንብበው ሲጨርሱ «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» አሉኝ። ሁለት ፊደል አረሙ። «የቸገረህ የቱ ጋ ነው?» ሲሉኝ «የለም» አልኩ። የቀረው ሰዓት ስለ ልጆቻቸው ስናወራ አለቀ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ሳይንሱ በኔ ምክንያት ምንም አልጎደለበትም። በሽታውን የሚቋቋሙት የቡና ዝርያዎች የተመረጡት በታመመ ማሳ መሃል ጤነኛ ሆነው ከተገኙ ዛፎች ነው፤ ጅማ አጠገብ መልኮ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ያሉት ተመራማሪዎች ከኔ ቀድመው ይዘውታል። የጎደለው የማናው አዛውንት ቃል ነው።

እንግዲህ በሰዓቱ ድረሱ፣ የታዘዛችሁትን አንብቡ የሚለውን አልደግምላችሁም። ያቃተቻችሁን ገጽ ግን አትደብቁ። አራት መስመር ብትሆንም፣ ብታስቀይምም እሷን አስቀድሙ፤ «እዚህ ጋ እንዲህ ማለት ፈልጌ እንዲህ ሆነብኝ» በሉ። እናንተ ደግሞ አሁን «ስልኬ ላይ አለ» ማለት ታበዛላችሁ፤ መምህሩ በጣት እያሰፋ ሊያነብ ነው? አልፎ ተርፎ በማሽን አስለስልሳችሁ ታመጣላችሁ። ያም ያው የኔው አሥራ አንድ ገጽ ነው። እርግጥ የተጨማደደ ወረቀት ሲያመጡልኝ እኔም ፊቴን አጠቁራለሁ፤ ጠባዬ ነው፣ ቻሉኝ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «የአዛውንቱ ስም ማን ነበር?»

የጻፍኩት እዚያችው ገጽ ላይ ነበር። ቤት ስቀይር ፍራሹን ገልብጬ ፈለግኩ፤ አይጥ በልቷታል።