የባንኩን ወንበር ትቼ ወደ ሐይቁ ዳር ልውረድ ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉት ባጭሩ ልድገመው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀሽ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል፤ አዘዞ አጎትሽ ቤት ተቀምጠሽ ሥራ ስትፈልጊ ከረምሽ። አሁን ሁለት በር ተከፍቶልሻል። አጎትሽ ሰው አስቸግረው ባንክ ውስጥ የደንበኞች አገልግሎት ቦታ አግኝተውልሻል። አንድ አነስተኛ የሶላር ድርጅት ደግሞ ከጎርጎራ ወዲያ፣ አንቺ ተወልደሽ ባደግሽበት የጣና ዳርቻ፣ ለአንድ ወፍጮ ቤትና ሰው ለሚያመላልሱ ጀልባዎች ሶላርና ባትሪ የሚተከልበት ሥራ ላይ የስድስት ወር ኮንትራት ሰጥቶሻል። እናትሽ «ሴት ልጅ ከጀልባ ምን አላት» ይላሉ። አጎትሽ «ያስተማርኩሽ ካቻቢቴ እንድትይዢ ነው?» ብለዋል። ማስተርሱ፣ እንግሊዝኛው፣ ዋና አለመቻልሽ፣ የመንገዱ ነገር፣ ሁሉንም አንስተሻል።

ትንንሾቹን አስቀድሜ ልጨርስ። ማስተርሱ ይቆይ፤ በእጅሽ ያልነካሽውን ነገር ለመመራመር አትቸኩዪ። እንግሊዝኛው የኢንቨርተርና (የፓኔልና የባትሪን ኃይል ማሽን ወደሚሠራበት ኃይል የሚለውጠው መሣሪያ) የባትሪ ማኑዋል በየማታው ስታነቢ ይመጣል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግሽም እሱ ነው። ቀጣሪሽ ላይፍ ጃኬት ካላቀረበልሽ ጀልባ ላይ አትውጪ፤ ዋናውን ደግሞ ተማሪ። መንገዱን በተመለከተ የአካባቢው ሰው «ዛሬ ይቅር» ካለሽ ይቅር፤ ቀጣሪሽም ይህን ተቀብሎ ውሉ ላይ ይጻፍልሽ።

አሁን ወደ ካቻቢቴው ልምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ እንድመልስ ያደረገኝ እሱ ነውና። እኔ ከቴክኒክና ሙያ ወጥቼ፣ በደምቢያና በጣቁሳ ጤና ኬላዎች ለክትባት ማቀዝቀዣ ሶላር እየተከልኩ ነው ሥራ የጀመርኩት። ዲግሪዬን በማታ ነው የተማርኩት፤ ቢሮ የገባሁትም ኋላ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ አንድ የላላ ሽቦ ስንት ሕፃን እንደሚነካ ያወቅሁት እዚያ ነው። በገጠር ካየሁት ብክነት ሁሉ የሚያንገበግበኝም ሪባን ተቆርጦለት፣ ተጨብጭቦለት፣ ከዚያ በአንድ የሞተ ባትሪ ሰበብ ቆሞ የቀረ ሶላር ነው። ፓኔሉ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። የአሲድ ባትሪ ግን የያዘውን ኃይል ከግማሽ በታች እያወረዱ ከተጠቀሙበት ዕድሜው እጅግ ያጥራል፤ ሊቲየሙ የተሻለ ቢቆይም መቆጣጠሪያው በትክክል መስተካከል አለበት። ያን የሚያይ፣ የሚለካ፣ ለነዋሪው የሚያስረዳ ሰው በቦታው ስለሌለ ብቻ ጨለማው ይመለሳል። ይህ ሰው ዲግሪ ያለው ቢሆን ምንኛ ደስ ይለኝ ነበር!

ሥራው ፓኔል ጣራ ላይ ማሰር ብቻ ቢሆን እኔም ባንኩን እልሽ ነበር። እስቲ ያንቺን ቀበሌ አስቢው። ጀልባ ነጂዎች ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ሐይቁ ሳይታወክ በማለዳ ይነሳሉ። ስለዚህ ጀልባው የሚሄደው ትናንት በሞላ ባትሪ ነው። አምስት ኪሎ ዋት የሚስብ ሞተር አራት ሰዓት ቢሠራ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ያንን ለመመለስ፣ የአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አለ ብለን ብንቆጥርና ብክነቱን ብንተወው እንኳ፣ 4 ኪሎ ዋት ፓኔል ይፈልጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይህ ስሌት አይሠራም። ወፍጮውም የሚፈልገው ያንኑ የቀትር ፀሐይ ነው። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ሶፍት ስታርተር፣ ማለትም ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ፣ ካልተገጠመለት ወይም ኢንቨርተሩ ለዚያ ታስቦ ካልተመረጠ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ቀጥ ይላል። ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ በተሰለፈበት ሰዓት የጀልባው ባትሪ መቼ ይሞላል? የማንኛው ይቅደም? የዋጋው ልዩነትስ እንዴት ይሁን? የገበያውን ቀን፣ የነጂዎቹን ጠባይ፣ የክረምቱን ደመና የሚያውቅ መሐንዲስ ካልሆነ ይህን የሚያስማማ የለም። አንቺ እዚያው ነው ያደግሽው።

ነጂዎቹ ደግሞ የቤንዚን ሞተር ፍጥነት ለምደዋል። የጭነት ጀልባ ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንስ የሚፈልገው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ይህን ወረቀት ላይ ብታሳዪያቸው አያምኑሽም፤ አብረሻቸው ተጉዘሽ የባትሪውን ቆጣሪ እያዩ ነው የሚያምኑት። እንቦጭ በወረረው ዳርቻ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ከረንቱ በድንገት ይጨምራል፣ የሞተሩ መከላከያ ኃይሉን ይቆርጣል፣ ሰው ሐይቅ መሃል ይቀራል። መጠባበቂያ መቅዘፊያ ያልያዘ የኤሌክትሪክ ጀልባ ከወደብ እንዳይነሳ መከልከልም ያንቺ ኃላፊነት ይሆናል። የሚቀልልሽ ነገርም አለ፤ በጨው ባሕር ዳር የሚሠሩ ባለሙያዎችን የሚያሰቃየው፣ የሽቦ መገናኛን የሚበላው ጨው ጣና ላይ የለም።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2015 በላቪክና በኦፔዳል መካከል መኪና የምታሻግረውን አምፔር የተባለች የባትሪ መርከብ ሥራ ስታስጀምር፣ የመንደሮቹ መስመር ያን ያህል ኃይል በአንዴ የመስጠት አቅም አልነበረውም። በሁለቱም ወደቦች ባትሪ አስቀመጡና መርከቧ በሌለችበት ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲሞላ አደረጉ። ሕንድ ኬረላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረችው አዲትያ የተባለች ጀልባ በጣራዋ ፓኔል 75 መንገደኛ ታሻግራለች። ለአንቺ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የስኮትላንዷ ኤግ ደሴት ነው። መቶ ገደማ ሰው ይኖርባታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የራሷን ኃይል ታመነጫለች። አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ እንዳይስብ ገደብ አለ፤ የሥርዓቱን ጥገና የያዙትም የደሴቷ ሰዎች ሠልጥነው ነው። የወፍጮውንና የጀልባውን ጠብ ለመፍታት ከዚያ ጀምሪ፦ ገደቡን መጀመሪያ ከነዋሪው ጋር ተስማሙበት፣ ከዚያ መሣሪያው ይመረጥ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። አጎትሽ ታናሽ ወንድምሽንም እንደሚያስተምሩ ጽፈሻል። እንዲህ ያለ ሰው ውለታው ሊመለስለት ይገባል። ነገር ግን ውለታው በገንዘብና በአክብሮት ይከፈላል እንጂ ሙያን በመለወጥ አይከፈልም። በየባንኩ መስኮት የተቀመጡ የምህንድስና ምሩቃን አውቃለሁ፤ ሥራው የተከበረ ነው፣ ደመወዙም በወሩ ይገባል። ሆኖም ሁለት ዓመት እዚያ ቆይተሽ ወደ ኤሌክትሪክ ልመለስ ብትይ፣ ማስታወቂያው የሚጠይቅሽ የሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ልምድ ነው። በሌላ በኩል ለአዲስ ምሩቃን ማስታወቂያ ሲያወጡ የምረቃ ዓመት የሚገድቡ ባንኮች አሉ፤ ይህ በር ዳግም ላይከፈትልሽ ይችላል። ይህን እያወቅሽ ወስኚ።

ለአንቺም የሚከብድ ነገር ልበልሽ። «ሥራውን ወድጄዋለሁ» ብለሽ የወንድምሽን ወጪ አጎትሽ ጫንቃ ላይ ትተሽ መሄድ አትችዪም። ከኮንትራቱ ደመወዝ በየወሩ ምን ያህል እንደምትሰጪ ቁርጥ ያለ ብር ይዘሽ ፊታቸው ተቀመጪ። «ስድስት ወር ይስጡኝ፤ ከዚያ በኋላ በሙያዬ ሥራ ካልያዝኩ እርስዎ ያገኙልኝን እይዛለሁ» በያቸው፣ ቃልሽንም ጠብቂ። «መሐንዲስ ካቻቢቴ አይዝም» ለሚለው ግን አትሸነፊ። ይህ አስተሳሰብ ነው ዲግሪ የያዘውን ልጅ ቤት አስቀምጦ ኢንቨርተሩን ለማያውቀው ሰው የሚሰጠው። እናትሽን በተመለከተ የሐይቅ ዳር እናት ውሃ የሚወስደውን ታውቃለች፤ አትከራከሪያቸው። ጀልባው ወደብ ላይ በቆመበት ቀን ይዘሻቸው ሂጂና ላይፍ ጃኬቱን፣ መቅዘፊያውን፣ የምትሠሪበትን ሳጥን አሳዪያቸው።

«ስድስት ወሩ ሲያልቅስ?» ብለሻል። በ2011 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ኤሌክትሪክ ለሁሉም ሲዳረስ 35 በመቶው ከዋናው መስመር ውጭ በሆኑ እንደ ሶላር ባሉ ዘዴዎች እንዲሆን አቅዶ ነበር። ቀኑ ደርሶ አለፈ፤ ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። አንቺም «ከሐይቃችን የወጣ ውሃ በለስ ላይ አገር ያበራል፣ እኛ ስልክ ለማስሞላት ገበያ እንወርዳለን» ብለሽ ጽፈሻል። የጣና በለስ ጣቢያ አቅም 460 ሜጋ ዋት ነው፤ ቁጭትሽ ተገቢ ነው፣ ሥራም ይሆንሻል። ከሐይቁ ብትወጪ እንኳ መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው። የጀልባ ባትሪ መለካት፣ ቻርጀር መፈተሽ፣ የተጎዳውን ሴል መለየት የቻለ ሰው የጎንደር ጋራዦችም ይፈልጉታል።

ስለዚህ ምክሬ ኮንትራቱን ያዢ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ግን አራት ነገር ጠይቂ፦ ደመወዙ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል፣ ሥራ ላይ ብትጎጂ ማን እንደሚያሳክምሽ፣ ባትሪው ሲበላሽ በዋስትናው ጊዜ የሚተካው ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም የሠራሽው ነገር በዝርዝር የተጻፈበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደሚሰጥሽ። የብቃት ማረጋገጫ ለማውጣት ስትሄጂ ይህ ደብዳቤ ይጠቅምሻል። ከድርጅቱ ባለቤት ጋር ስትነጋገሪ «ከተከላው በኋላ ለአካባቢው ወጣቶች የጥገና ሥልጠና እሰጣለሁ» የሚል አንቀጽ እንዲገባ ጠይቂ፤ ሁለትና ሦስት ልጆች፣ ከነጂዎቹ ቤተሰብ ቢሆኑ ይመረጣል። ረቂቅ ውሉ እጅሽ ሲገባ ላኪልኝ፤ የባትሪውን ዋስትና አንቀጽ አብረን እናየዋለን።