በቼሳፒክ ቤይ ዳርቻ ለቀላል ጅግ የሚሆን ዘንግና ሪል

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው በአናፖሊስ አካባቢ ከዳርቻና ከትንሽ ጀልባ ሆነው ሮክፊሽ የተባለውን ባለ መስመር አሳ በጅግ፣ ማለትም የእርሳስ ራስ ባለው መንጠቆ፣ ለማጥመድ እንዳሰቡ፣ ያለዎት ግን ባለ 9 ጫማ ወፍራም ዘንግ ብቻ መሆኑን ገልጸው፣ በ150 ዶላር ምን ዘንግና ምን ሪል (ክር የሚጠቀለልበት መዘውር) ልግዛ ብለው ጠይቀዋል። በዚሁ ውሃ ለዓመታት በጅግ ሳጠምድ ስለቆየሁ በእጄ ሞክሬ ያረጋገጥኩትን ልጻፍልዎ።

ምርጫዎን ከጅጉ ክብደት ይጀምሩ። ቼሳፒክ ሲያዩት ባሕር ቢመስልም አማካይ ጥልቀቱ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዳርቻው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፣ የላስቲክ አሳ የተሰካበት ከሩብ እስከ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም ከ7 እስከ 14 ግራም የሚመዝን ጅግ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከእጀታው በላይ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን የክብደት ልክ ያንብቡ፤ የሚወረውሩት ጅግ በዚያ ልክ መሀል አካባቢ ቢያርፍ ይመረጣል። ቤይ ብሪጅ በሚባለው የቼሳፒክ ድልድይ ምሰሶዎች ሥር ውሃው ስለሚጠልቅና ፍሰቱ ስለሚበረታ እስከ 1 አውንስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያ ግን ጠንከር ያለ ሌላ ዘንግ ስለሚጠይቅ ሁለቱን በአንድ ዘንግ ለመሸፈን አይሞክሩ።

ለእርስዎ የምመክረው ባለ 7 ጫማ፣ ኃይሉ ሚዲየም ላይት (ከመካከለኛ ቀለል ያለ)፣ አተጣጠፉ ፋስት የሆነ የግራፋይት ዘንግ ነው። ፋስት የሚባለው ጫፉ አካባቢ ብቻ ታጥፎ ወገቡ ቀጥ ብሎ የሚቀር ነው። ይህ ጥቅሙ የሚታወቀው አሳው ሲነክስ ነው፤ ሮክፊሽ ጅጉን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ወደ ታች እየሰመጠ ሳለ ነውና እጅዎ ላይ የሚደርሰው አንዲት ጠቅ የምትል ስሜት ብቻ ናት። አንዳንዴ እሷም የለችም፤ ጅጉ ገና ወለል ሳይነካ ክሩ በድንገት ይላላል፣ ያን ጊዜ ወዲያው መሳብ ነው። ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በሸምበቆ ቆሮሶ ሳጠምድ ዓይኔ ከሸምበቆው ጫፍ አይነቀልም ነበር፤ እዚህ ያንን ሥራ የሚሠራው ክሩን የያዘው ጣት ነው።

በጣም ቀጭን ዘንግ ግን አይግዙ። አሳው ረጅም ጊዜ ሲታገል ይደክማል፣ በበጋ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑ ስለሚያንስ ተመልሶ ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል። ይህ ጉዳይ ከልቤ የሚያሳስበኝ ነው።

ከ150 ዶላሩ 60 ያህሉን ለዘንጉ፣ ቀሪውን ለሪሉና ለክሩ ያድርጉት። ዛሬ በዚያ ዋጋ ጥሩ ዘንግ ይገኛል፤ ርካሽ ሪል ግን ጨው አይችልም። የመጀመሪያው ሪሌ በአንድ ወቅት ውስጥ ኩሽኔታው ዝጎ እጀታው አልዞር ብሎኛል። የመጠን ቁጥሩ 2500 ወይም 3000 የሆነ፣ ውሃ እንዳይገባው የታሸገ ሪል ይምረጡ። ሱቅ ውስጥ ፍሬኑን ማለትም ድራጉን ላላ አድርገው ክሩን ወይም መጠቅለያውን ቀስ ብለው ይሳቡ፤ እየተንገጫገጨ የሚለቅ ከሆነ ይተዉት፣ ትልቅ አሳ ሲሮጥ ክር የሚበጠሰው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ ሪሉን ዘንጉ ላይ ገጥመው ከሪሉ እግር ትንሽ ፊት በአንድ ጣት ይደግፉት፤ ወደ ፊት ቢደፋ ቀኑን ሙሉ ሲወረውሩ አንጓዎን ያደክመዋል።

ክሩ ብሬድ የሚባለው የተጎነጎነ 10 ፓውንድ ይሁን። ብሬድ ለስላሳ መጠቅለያ ላይ ስለሚንሸራተት መጀመሪያ ጥቂት ዙር ተራ የናይለን ክር ይጠቅልሉበት። ጫፉ ላይ 15 ወይም 20 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን የሚባለውን በውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይቀጥሉ፤ ብሉፊሽ የሚባለው ጥርሰ ስለታም አሳ ከመጣ በጥርሱ ይቆርጠዋልና ትርፍ ይያዙ። ድራጉን በትንሽ ሚዛን ስበው ከ2 ተኩል እስከ 3 ፓውንድ ላይ ያስተካክሉት።

ቤት ሲገቡ ድራጉን አጥብቀው ሪሉን በቧንቧ ውሃ በስሱ ያጥቡት፣ ሲደርቅ መልሰው ያላሉት። ባለ 9 ጫማውን ዘንግ አይሽጡት፤ በመከር አሳቲግ በሚባለው የአትላንቲክ ባሕር ዳርቻ ላይ በከባድ እርሳስ መኖ ለመወርወር ይሆንዎታል።